እጅ ተለክቶ የሚሠራ አሳ

ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ስትዳር ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ለሠርጉ ጥፍሬን ልቀባ አንዲት ጠባብ የውበት ሳሎን ገባሁና ልጅቷ የቀዩን ቀለም ክዳን ስትከፍተው ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣብኝ። ሌላውን ሰው የጥፍር ቀለም ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ እኔን የሚያስታውሰኝ አሳ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ምን እንዳሳቀኝ ብትጠይቀኝም አልነገርኳትም። የሙሽራዋ ዘመድ ትንሽ ነካ ያደርጋታል ተብሎ ሠርግ ቤት ድረስ እንዳይወራብኝ ፈራሁ።

ነገሩ የሆነው አምስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምቴ ገበያ ጫፍ ላይ ሱቅ ከፍተው ነበር። አባቴ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ሲመላለስ ሱቁን የምትይዘው እናቴ ናት። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርኩ ከሰዓት በኋላ እግሯ ሥር እየተርመሰመስኩ ደንበኛ እንዳላስቸግርባት ጓሮ ለጓሮ ወደምንጎራበታቸው ወደ ኦቦ ዋቅጅራ ግቢ ትሰደኛለች። ኦቦ ዋቅጅራን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ “አካኮ” ይላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። እኔ የሥጋ አያቶቼን ከሁለት ጊዜ በላይ አይቻቸው ስለማላውቅ ያን ስም ከልቤ ነበር የምጠራው።

አካኮ አናጺ ነበሩ። በር፣ መስኮትና የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ሲሠሩ ኖረው ወገባቸው ሲደክም ትልልቁን ሥራ ሁሉ ተዉት። የቀራቸው አንድ ሥራ የእንጨት አሳ ነው። በወጣትነታቸው ዴዴሳ ላይ ድልድይ ሲሠራ ተቀጥረው ሳለ፣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲመለስ የተሰነጠቀች የእንጨት አሳ ትቶላቸው ሄደ። ሆዷና ጭራዋ ላይ መንጠቆ ተንጠልጥሎባታል፤ በክር ታስራ ውሃ ውስጥ ስትጎተት በሕይወት ያለች አሳ መስላ ትዋኛለች። ትል አቅርበህለት ዘወር ብሎ የማያየው፣ ትንንሽ አሳ እያሳደደ የሚውጠው ትልቁ አሳ የሚታለለው በእሷ ነው። አካኮ ያችን አሳ ለሁለት ፈልጠው ውስጧን አዩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ሠሩ፣ ከዚያ ደግሞ አሻሻሏት። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ከዴዴሳም ከአንገርም ከፊንጫም አሳ አጥማጆች ነቀምቴ ድረስ እየመጡ ያሠሩ ነበር።

አሠራራቸውን ቁጭ ብዬ ሳይ የምውልበት ቀን አይሰለቸኝም ነበር። እንጨቱ ቀላልና ለቢላ የሚመች ስለሆነ ዋንዛ ነው። ጣሪያ ሥር ከርሞ የደረቀውን ጉማጅ አውርደው መጀመሪያ ጆሯቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ያንኳኩታል፤ ድምፁ ካልጣማቸው ይመልሱታል። ከዚያ በቢላ ይቀርጹታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፣ ከጃንጥላ ሽቦ የተሠራች ቀለበት አፍንጫው ላይ ይተክሉለታል። ሆዱን ይበሱና ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስ አቅልጠው ጠብ ያደርጉበታል፤ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዋኝ ነው። እኔ ግን ያ እርሳስ ልቡ ይመስለኝ ነበር። እንጨቱ ጭስ ሲል ነፍስ የገባለት ስለሚመስለኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። አካኮ ይህን ነግሬያቸው ሳይስቁብኝ፣ “እንግዲያው ቀስ ብዬ ላፍስስለት” አሉ። ከዚያ ወዲህ እርሳስ ሊያፈሱ ሲሉ ይጠሩኝ ጀመር።

ቀለሙ የእናቴ ሱቅ ውስጥ ከርሞ ገዢ ያጣ የጥፍር ቀለም ነው። የደረቀውን በአሴቶን ያቀጥኑታል። የእኔ ሥራ የሽንኩርት ጆንያ መረብ አሳው ገላ ላይ ወጥሬ መያዝ ነበር፤ እሳቸው በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ ያደርጉና መረቡ ሲነሳ አሳው ቅርፊት ለብሶ ይገኛል። ስንት ጊዜ አይቼው በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኝ ነበር። ከመረቡ ሌላ አሳው እንዲያብለጨልጭ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት እለቅማለሁ፣ ገንዳውን ውሃ እሞላለሁ። ባልዲውን አጉድዬ ካመጣሁ “የነጋዴ ልጅ፣ ውሃውንም ቆጥበሽ ነው የምትሰጪን?” እያሉ ይቀልዱብኛል።

የእሳቸው ጥበብ ጎልቶ የሚወጣው ግን እጅ ሲለኩ ነው። “እኔ የምሠራው ለቁርጡሚ አይደለም፣ ለሰው ነው” ይሉ ነበር። ቁርጡሚ በኦሮምኛ አሳ ነው። አንዱ ሲጎትት ይቸኩላል፣ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ እጁ ወደ ጎን ይስባል፤ ለአንዱ ቀጥ ብሎ የሚዋኝ አሳ በሌላው እጅ ሆዱን ወደ ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ የማንንም እጅ ሳያዩ አሳ አይጨርሱም።

ግቢው ውስጥ ከግንድ የተቦረቦረ፣ ድሮ ከብት ይጠጣበት የነበረ ረጅም ገንዳ ከቆርቆሮው አጥር ጋር ተጠግቶ ተቀምጧል። ደንበኛው አጥሩን በግራው አድርጎ ገንዳው ጫፍ ላይ ይቆማል። ክር የታሰረባት አጭር በትር ይሰጠዋል፤ ክሩ ጫፍ ላይ ገና ያልተቀባ አሳ አለ። ጎትት፣ ተው፣ ጎትት ይሉታል። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው አሳውን ትተው የእጁን አንጓ ብቻ ነው የሚያዩት። ከዚያ ያችን የአፍንጫ ቀለበት በፒንሳ፣ ዓይን በማይለየው መጠን፣ ወዲህ ወይ ወዲያ ጠምዘዝ ያደርጓታል። አንዴ አንዱን አስተማሪ ሦስቴ አስጎትተውት፣ ዛሬ ከሰው ተጣልተህ ነው የመጣኸው፣ ነገ ተመለስ ብለው አሰናበቱት። ሰውየው ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ እንደወጣ በማግሥቱ ራሱ ነገረን። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አካኮ የሰውን ሆድ በእጁ በኩል የሚያነቡ ሰው ናቸው ብዬ አመንኩ። ትንሽም ፈራኋቸው፤ እኔ የደበቅሁት ነገር ነበራ።

እኔ ግራኝ ነኝ። እናቴ ይህን ገና ማንኪያ መያዝ ስጀምር አይታ ስትዋጋኝ ኖራለች። ስበላ ግራ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ። ስጽፍ እያየችኝ በቀኜ እጽፋለሁ፤ ፊደሎቼ እየተጋደሙ ከመስመር ይወጣሉ። ሱቅ ውስጥ ረስቼ ለደንበኛ ክብሪት በግራዬ ከሰጠሁ ሰውየው እስኪወጣ ትጠብቅና እጄን በመለኪያው ዘንግ መታ ታደርገኛለች። በግራ እጅ ዕቃ መስጠት ሰው መናቅ ነው፣ የናቁት ደንበኛ ደግሞ አይመለስም ነበር የእሷ ነገር። ክፉ ሰው አልነበረችም። እንዲያውም ከመታችኝ በኋላ ያችኑ እጄን ይዛ ታሽልኝ ነበር፤ ይህ ነገር በዚያን ጊዜ ፈጽሞ አይገባኝም ነበር።

አካኮ ግቢም መረቡን የምይዘው፣ ባልዲውን የማነሳው በቀኜ ስለሆነ ያው ገልጃጃ ነበርኩ። አካኮ እጅሽ ገና አልነቃም ይሉኛል። ብቻዬን ስሆን ግን በትሯን በግራዬ አነሳለሁ። በግራዬ ስጎትት ክሩ ወደ አጥሩ ስለሚስብ ውሃው ቆርቆሮውን ቸብ ያደርገዋል። በቀኝ የሚጎትት ሰው ውሃ የሚረጨው ወደ ግቢው መሬት ነው። ስለዚህ የአካኮ ኮቴ ሲሰማኝ መጀመሪያ የማደርገው ቆርቆሮውን በቀሚሴ መጥረግ ነበር።

በዚያ ወቅት፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዞቹ መጥራት ሲጀምሩ፣ መርዕድ የሚባል ወጣት ከአንገር ጉቴ መጣ። ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው፤ ኦሮምኛውን ግን እንደ አፍ መፍቻው ነው የሚያወራው። ከአንገር ድልድይ በታች ባለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ አንድ ትልቅ ነጭ አሳ አለ አለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ተከታትሎታል። አሳው የተጎተተለትን ሁሉ እስከ ዳር ይከተልና፣ እግሩ ሥር ሲደርስ ቆም ብሎ አይቶት ይመለሳል። ይህን ሲናገር ስለ አሳ ሳይሆን እሺ ስላላለችው ልጅ የሚናገር ነበር የሚመስለው። አካኮ ወዲያው ወደዱት።

ጨዋነቱ ደግሞ ለጉድ ነው። አካኮን ሰላም ሲል ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ነው። ዕቃ ሲቀበላቸውም እንደዚያው ነው። እጁ ሲለካ ቀጥ ብሎ ቆሞ በቀኙ ጎተተ፣ ተወ፣ ጎተተ። አካኮ ትንሽ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው እጅህ ደርቋል፣ አፍረህ ነው፣ ዘና በል አሉት። ከዚያ ቀለበቷን አስተካክለው፣ ሁለት ቀን ቀለም አድርቀው ሰጡት።

ከሳምንት በኋላ አሳውን በጨርቅ ጠቅልሎ መልሶ መጣ። ወንዙ ላይ ሆዱን ወደ ላይ እያደረገ ይገለበጣል አለ፤ ይህን ለማለት ሩብ ሰዓት ያህል ይቅርታ ጠይቋል። አካኮ አሳውን ገንዳው ውስጥ በራሳቸው እጅ ጎተቱት። ቀጥ ብሎ ዋኘ። መርዕድን አስጎተቱት። ቀጥ ብሎ ዋኘ። ተያዩ። ሌላ እሠራልሃለሁ ብለው እንደገና ሊለኩት አቆሙትና ፒንሳ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ።

ያኔ ነው ያየሁት። መርዕድ በሩን ገልመጥ አደረገ። እኔ ገንዳው አጠገብ ጆንያ ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ሕፃን ናት ብሎ ከቁም ነገር አልቆጠረኝም። በትሯን ወደ ግራ እጁ አዛወራትና አንዴ ጎተተ። ያ የደረቀ እጅ ጠፋ፤ አንጓው እንደ ዳንኪራ ረጋጭ ለቀቅ አለ። ውሃው ቆርቆሮውን መታው። አካኮ ሲመለሱ በትሯ ቀኝ እጁ ላይ ነበረች።

ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ የራሴ ምሥጢር ነዋ። መርዕድ በሽማግሌ ፊት በግራው መሥራት ነውር ስለሆነበት በቀኙ ይለካል፣ ወንዝ ላይ ማንም ሳያየው በግራው ያጠምዳል። አካኮ የሚሠሩት ለሌለ እጅ ነው። ግን ምን ብዬ ልናገር? እንግዳ የሆነን ሰው ፊቱ ላይ ግራኝ ነው ብሎ ማጋለጥ ስድብ ነው። ደግሞ በምን አወቅሽ ይሉኛል። አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አሳው ተሠራ፣ ተቀባ፣ ሄደ፤ ከሳምንት በኋላ ተገልብጦ ተመለሰ።

ሦስተኛውን ሲሠሩ አካኮ ቀልድ አቆሙ። እስከዚያ ድረስ በአንድ ሰሞን ሁለት አሳ ተመልሶባቸው አያውቅም ነበር። ቢላውን ትተው እጃቸውን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ሲያዩት አገኛቸው ነበር። ጉዳዩን የነገረችኝ ቡና ልትዋስ እናቴ ዘንድ የመጣች ጎረቤት ናት፤ ለእኔ አልነበረም የምትነግረው፣ እኔ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነው። የአካኮ ሚስት ከሞተች ወዲህ ልጃቸው ጫልቱ፣ ብቻዎን አይኑሩ፣ እኔ ዘንድ ሲሬ ይምጡ ብላ ስትለምናቸው ኖራለች። እሳቸውም እጄ እየሠራ ቤቴን አልዘጋም፣ እጄ የበደለኝ ቀን ግን ራሴ አስጠራሻለሁ ብለው ቃል ሰጥተዋታል።

ሲሬ ለእኔ የሞት አገር ነበረች። የአንድ ጎረቤታችን አስከሬን ወደ ሲሬ ተወስዶ ሲቀበር ትልልቆቹ “ሲሬ ወሰዱት” ሲሉ ሰምቼ፣ ሽማግሌ ሁሉ መጨረሻው ሲሬ ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም በመስኮት ሙዝ ይሸጡልናል፤ እኔ ሙዙን እየበላሁ ሬሳዎቹን የት እንዳስቀመጧቸው ነበር የማስበው። ስለዚህ ጫልቱ አባቷን ልትወስድ ትችላለች ሲባል የገባኝ ሌላ ነው። ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ፤ እናቴ ወባ መስሏት ጤና ጣቢያ ወስዳ አስመርምራኛለች።

ሦስተኛው አሳ የተመለሰ ቀን መርዕድ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዕድሌ ነው፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ እኔም ያን አሳ እተወዋለሁ አላቸው። አካኮ የለም፣ እጄ ነው አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ አንጀቴን የበላው እሱ ነው። ከዚያ በሲሬ የሚያልፍ ሾፌር ፈልገው ለጫልቱ መልእክት ላኩ።

ጫልቱ በገበያ ቀን መጣች፤ ደልደል ያለች፣ ፊቷ አባቷን የሚመስል ሴት ናት። ከአባቷ ልብስ በፊት መሣሪያዎቹን በአሮጌ ጨርቅ መጠቅለል ጀመረች። ቢላዎቹ፣ ፒንሳው፣ የእርሳስ ማቅለጫው ጣሳ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጆንያ ገባ። መርዕድም መሰናበቻ ይሆናል ብሎ ከገበያ አንድ እጅ ሙዝ ይዞ መጥቶ ቆሟል። አካኮ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ሦስተኛው አሳ ገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከነክሩና ከነበትሩ እንደተቀመጠ ነበር።

ተነስቼ በትሯን አነሳሁ። መጀመሪያ በቀኜ ጎተትኩ። አሳው ቀጥ ብሎ መጣ። ከዚያ በትሯን ወደ ግራዬ አዛወርኩና ጎተትኩ። አሳው ሁለት ክንድ ያህል ሳይሄድ ጥቅልል ብሎ ሆዱን ወደ ላይ ገለበጠ። ውሃው ቆርቆሮውን መታው። እንደገና ጣልኩት፣ እንደገና ጎተትኩት፤ እንደገና ተገለበጠ።

“ወንዝ ላይ የሚሆነው ይሄ ነው?” አሉ አካኮ።

መርዕድ የያዘውን ሙዝ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

“ልጄ፣ እየጠየቅኩህ ነው።”

“ይሄው ነው፣ አባቴ” አለ መሬት መሬት እያየ። “በአባት ፊት እንዴት ብዬ በግራዬ ልጎትት? ነውር ነው ብዬ ነው። ወንዝ ላይ ግን ሰው የለም።”

ጫልቱ ጆንያውን እንደያዘች ቀረች። እኔ አሁን ይቆጣሉ፣ መርዕድንም እኔንም ከግቢ ያስወጡናል ብዬ እጠብቃለሁ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና፣ “ይሄን ሁሉ ዓመት እጃችሁን ለካሁ ስል የለካሁት አክብሮታችሁን ነው” አሉ። “ስንቱ አሳው ተገልብጦበት፣ እኔን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ቀርቷል።”

ከዚያ ተነሱ። በርጩማቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለገንዳው፣ ፊታቸውን ለቤቱ ግድግዳ ሰጥተው ቁጭ አሉ። አፍንጫቸው ጭቃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጫልቱ ግራ ገብቷት አባ ምን ሆኑ ስትል፣ አንቺም ዙሪ አሏት። “ኢንታላ ኮ፣ አንቺም ነይ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሦስታችንም ግድግዳ እያየን ተደረደርን።

“አሁን ማንም አያይህም” አሉት መርዕድን። “ጎትት።”

ውሃው ቆርቆሮውን ሲመታ ሰማን። አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። አካኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ፊታቸውን አየሁት፤ ደስ ያለው ሰው ፊት ነበር። እጁን እንኳ ሳያዩ፣ በውሃው ድምፅ ብቻ፣ የት ጋ እንደሚቸኩልና የት ጋ እንደሚለቅ እየቆጠሩ ይነግሩት ጀመር። መርዕድ ከኋላችን አዎን አባቴ፣ አዎን አባቴ ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ስሕተቱን ባወቀ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራበት የኖረውን መንገድ አፍርሶ አዲስ ሠራ።

ጫልቱ ጆንያውን መልሳ ዘረገፈችው። ለሁለት ቀን ቆይታ፣ የአባቷን ልብስ አጥባ፣ ብቻዋን ወደ ሲሬ ተመለሰች።

አራተኛውን አሳ ይዞ ከሄደ በኋላ መርዕድ ለብዙ ጊዜ ጠፋ። ሲመጣ ከበር ጀምሮ እየሳቀ ነበር። አሳውን ከኪሱ አወጣና በግራ እጁ ለአካኮ ሰጣቸው፤ በግራው መስጠቱን ያወቀው ከሰጠ በኋላ ነው፣ ደንግጦ መልሶ ሊወስድ ሲል አካኮ አልለቀቁለትም። መንጠቆዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ተዘርግተው ነበር። ያ ነጭ አሳ ከእግሩ ሥር አልተመለሰም፤ ውጦት፣ ታግሎት፣ መንጠቆውን አቃንቶ ሄደ። መርዕድ አሳው አመለጠኝ ሲል ድል ያደረገ ሰው ነበር የሚመስለው። አካኮ መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሷቸው። የሚቀጥለውን መንጠቆ ወፍራም እናደርግለታለን አሉ።

ወሬ ግን እግር አለው፤ በገበያው በኩል ዞሮ እናቴ ሱቅ ገባ። የሚወራው ስለ መርዕድ ብቻ አልነበረም። የባለሱቋ ልጅ በሰው ሁሉ ፊት በግራዋ ስትጎትት ታይታለች፣ ኦቦ ዋቅጅራም ጎሽ ብለዋታል ተባለ። እናቴ ሱቁን በቀትር ዘግታ መጣች። እሷ ሱቅ በቀትር ስትዘጋ አይቼ ስለማላውቅ ዱላ እንደሚጠብቀኝ ገባኝ፤ አካኮ ጀርባ ሄጄ ቆምኩ።

በትሕትና ነበር የጀመረችው። እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማከብርዎ አለች። ልጄን እዚህ የምሰዳት አምኜዎት ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። “ከሕፃንነቷ ጀምሬ የታገልኩትን እርስዎ በአንድ ቀን አፈረሱብኝ። ነገ ሰው ሲስቅባት፣ ግራኝ ሲላት፣ አጠገቧ የሚቆሙላት እርስዎ ነዎት? እኔ አውቀዋለሁ እንዴት እንደሚያደርጉ።”

አካኮ እስክትጨርስ ሰሟት። ዘጠኝ ዓመት ጎረቤት ሆነን አንቺን ለክቼሽ አላውቅም አሏት። እናቴ እኔ አሳ አላጠምድም አለች። “አውቃለሁ፣ እንዲያው ጎትቺው” አሉና በርጩማቸውን አዙረው ፊታቸውን ለግድግዳው ሰጡ። እኔን በክንዳቸው ሳብ አድርገው አጠገባቸው አዞሩኝ።

እናቴ ሱቅ ከፍቼ መጥቻለሁ፣ ሥራ አለብኝ አለች። እውነት አልነበረም፤ ቁልፉ እጇ ላይ ሲንሿሿ እሰማው ነበር። አካኮ አልዞሩም። የምትሄድ መሰለኝ፤ ኮቴዋ ወደ በሩ ጥቂት እርምጃ ሄደና ቆመ።

“እንዳትዞሪ” አለችኝ።

አልዞርም አልኳት። ፊቴን ከጭቃው ግድግዳ አስጠጋሁ። ቁልፉን የሆነ ቦታ ስታስቀምጠው ሰማሁ። ከዚያ በትሯ ከገንዳው ጠርዝ ስትነሳ ሰማሁ። ከገበያው በኩል አንድ መኪና ክላክስ እያደረገ አለፈ።

ውሃው ቆርቆሮውን መታው።

ክንዴን የያዘው የአካኮ እጅ ትንሽ ጠበቅ አለ። ከኋላችን እናቴ እንደገና ጎተተች፣ አሁን ረዘም አድርጋ።